ጥር ሳይደርስ ለፈረሱም ለፈረሰኛውም እናስብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ሁሌ አነባለሁ፣ በየአመቱ ጥር ላይ ደግሞ የምጠብቀው ነገር አለ፤ የእንጅባራው የጥር 23 የፈረሰኞች በዓል እንዳለፈ ትልቅ ፎቶ ታወጣላችሁ፣ ያጌጠ ፈረስ፣ አቧራ፣ ጋሻ የያዘ ጎልማሳ፣ ከስሩ ሁለት መስመር ፅሁፍ። ደስ ይለኛል በእውነት። ግን ከዛ በኋላ እስከሚቀጥለው ጥር ድረስ ስለ ፈረስ ምንም አይፃፍም። እና አሁን ገና ኅዳር ላይ እያለን ልፃፍላችሁ ብዬ ተነሳሁ፣ ምክንያቱም የጥር ግልቢያ የሚያምረውም የሚበላሸውም በነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ነው።

እኔ የተወለድኩት አዊ ነው፣ አሁን ባህር ዳር እኖራለሁ፣ ስራዬ ቢሮ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፈረስ ግን ከልቤ ወጥቶ አያውቅም። እኛ አካባቢ ፈረስ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶም ይሄዳል፣ የቤተሰብ አባል ነው ብል አላጋነንኩም። የአገው ፈረሰኞች ማህበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሰረት 1888 አድዋ ላይ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ ነበር፣ ቀኑም የጊዮርጊስ ቀን የሆነው በዚሁ ነው፣ ዛሬ አባላቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ደሞ ይሄ የአዊ ብቻ አይደለም፣ ሰላሌም ብትሄዱ፣ ጥምቀት ላይ ጉግስ የሚጫወት ሌላ አገርም ብትሄዱ የፈረስ ፍቅር ያው ነው። ምኒልክን አባ ዳኛው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አሉላን አባ ነጋ እያለ በፈረሳቸው ስም የሚጠራ ህዝብ ነን እኮ።

የኔ ሀሳብ ምን መሰላችሁ፣ በዓሉን ስናስብ ልብስ እናሰፋለን፣ ኮርቻ እናስጌጣለን፣ ጋማውን እንጎነጉናለን፣ ሰውነታችንን ግን አናዘጋጅም። ድሮ አባቶቻችን ለብቻው ስፖርት መስራት አላስፈለጋቸውም፣ ሲያርሱ ውለው፣ ተራራ ወጥተው ወርደው፣ ገበያ በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች ስለነበሩ እግራቸውና ወገባቸው ሁሌ ዝግጁ ነበር። እንደኔ አይነቱ ከተማ ገብቶ ወንበር ላይ የዋለ ሰው ግን ለበዓል አገሩ ገብቶ፣ የወንድሙን ፈረስ ተውሶ፣ በዛው ቀን ሽምጥ ልጋልብ ሲል አስቡት። የመጀመሪያውን ዙር በወኔ ይሄዳል። ሁለተኛው ላይ ጭኑ ይዝላል፣ ወገቡ ይላላል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ከዛ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ሲያጣ በእጁ የያዘው የልጓም ማሰሪያ፣ ዛቡ ላይ ይንጠለጠላል። ያኔ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው የት ነው? ልጓሙ ላይ፣ ማለትም የፈረሱ አፍ ውስጥ። በበዓል ቀን አፉን ከፍቶ አንገቱን ሽቅብ የሚወረውር፣ አረፋው ላይ ደም የተቀላቀለበት ፈረስ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ፈረሱ እምቢተኛ ሆኖ አይደለም፣ ላዩ ላይ ያለው ሰው ደክሞ ነው። ተመልካቹ ግን "ምን አይነት ሃይለኛ ፈረስ ነው" ብሎ ያጨበጭባል፣ ይሄ ነገር ሁሌ ያሳዝነኛል።

ጉግስ ደግሞ ከሩጫውም ይብሳል። በአንድ እጅህ ጋሻ በሌላው ዘንግ፣ ከኋላህ የሚያሳድድህ ሰው አለ፣ ዞር ብለህ ልትመክት ነው፣ ፈረሱን የምትመራው በጭንህና በወገብህ ነው ማለት ነው። እርካቡም የኛ ባህላዊው ጠባብ ነው፣ በባዶ እግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት፣ እንደ ውጭ አገሩ ሙሉ ጫማ የሚያስደግፍ አይደለም። እሱ ላይ ተማምኖ መቆም አይቻልም፣ ጉልበቱ መምጣት ያለበት ከጭንና ከጀርባ ነው።

ስለዚህ ለከተማ ልጆች የምመክረው ከዛሬ ጀምሩ ነው። ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ቁጭ ብድግ ስሩ፣ ዳገት በፍጥነት ውጡ፣ ገመድ ዝለሉ፣ ሆድና ጀርባ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ጨምሩበት፣ ቢሮ የሚውል ሰው ደግሞ ዳሌው አካባቢ ስለሚተሳሰር በየቀኑ ማፍታታት አለበት። ቅዳሜና እሁድ አገር ቤት መሄድ የምትችሉ ከሆነ ዝም ባለ ፈረስ ላይ ያለ እርካብ በእርምጃና በሶምሶማ መሄድ ሚዛን ያስተምራል፣ ከዚህ የሚበልጥ ልምምድ አላውቅም። ጾሙ መሀል ላይ መግባቱንም አልረሳሁትም፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ነው፣ ባዶ ሆድ ላይ ራስን ከመጉዳት ልምምዱን ወደ ማታ ማድረግና ሽሮውን ባቄላውን ምስሩን በደንብ መብላት ይቻላል።

አንድ ብዙ ሰው መስማት የማይወደው ነገር ደግሞ አለ፣ ክብደት። የኛ ፈረሶች ጠንካሮች ናቸው ግን ትናንሽ ናቸው። በሙያው ያሉ ሰዎች አንድ ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከራሱ ክብደት 20 በመቶ አካባቢ ቢሸከም ይመረጣል ይላሉ። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ብንወስድ 50 ኪሎ ማለት ነው። ከነኮርቻው 90 ኪሎ የሚሆን ሰው ሲወጣበት 36 በመቶ ሆነ፣ ከዛ ደሞ ሽምጥ ይጋልበዋል። እኔ ወፍራም ሰው ፈረስ አይውጣ አልልም፣ ለአቅሙ የሚሆን ትልቅ ፈረስ ይፈልግ፣ በሰልፉ በእርምጃ ይሂድ፣ ሩጫውን ለቀለለው ይተውለት ነው የምለው። ቦርጭ ይዞ መወዳደር ፈረሱን መበደል ነው፣ ይሄን ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው።

ፈረሱም ዝግጅት ይፈልጋል። ክረምቱን ለምለም ሳር ሲግጥ የከረመ ፈረስ ሆዱ ይሰፋል፣ ያምራል፣ የሩጫ አቅም አለው ማለት ግን አይደለም። እኛ ጋ የሚያውቁት አባቶች ከኅዳር ጀምረው መጀመሪያ በእርምጃ ብቻ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ሽምጡን በጣም ቆይተው ነው የሚያስነኩት፣ ገብሱንም ባቄላውንም ስራው እየጨመረ ሲሄድ እያዩ ነው የሚጨምሩለት። አጎቴ ኮርቻ ባወረደ ቁጥር ከኮርቻው ስር የሚነጠፈውን ድብዳብ አንስቶ መዳፉን ከጫንቃው እስከ ወገቡ ድረስ ቀስ እያለ ይጎትተዋል፣ ቆዳው ከተንቀጠቀጠ ወይ ፈረሱ ጀርባውን ዝቅ ካደረገ እዛች ቦታ ላይ ቁስል ሊወጣ ነው ማለት ነው፣ በቃ እስኪሽር ድረስ አይጫንም። ጠፍሩ ያረፈበትንም እንደዛው ይዳስሳል። ሞባይል ያለው ወጣት በዚህ ላይ የልብ ምት መቁጠር ይችላል፣ ከመንጋጋው ስር ያለችውን ደም ስር በጣት ነክቶ፤ ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው፣ ሽምጥ ላይ ከ200 ያልፋል። ጋልባችሁ ስትጨርሱ ቶሎ የማይወርድ ከሆነ ፈረሱ ገና አልደረሰም። ከሩጫ በኋላ እንዳላበው ወስዶ ዛፍ ላይ ማሰርም ይቅር፣ ትንፋሹ እስኪረጋ ይዞ ማንሸራሸር ነው።

ክትባቱም እንዳይረሳ። ክረምት ሲወጣ በትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ፈረስ የሚጨርስ በሽታ አለ፣ ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ከየወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

ሄልሜት ነገርም ላንሳ፣ ባህል ተበላሸ የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። በዓሉ ቀን የአንበሳ ጎፈሩም ሌላው ጌጥም ይደረግ፣ በልምምድ ወቅት ግን በተለይ ልጆች ሄልሜት ቢያደርጉ የሚቀንስ ክብር የለም። መጠጥ ደግሞ ከፈረስ ከተወረደ በኋላ ይሁን፣ ጠላው የትም አይሄድም።

ከናንተ የምፈልገው ይሄን ነው፦ ከአሁን እስከ ጥር በየሳምንቱ አንድ አምድ ለፈረስ ስጡ። የእንስሳት ሐኪም አናግሩ፣ ኮርቻ የሚሰሩትን ባለሙያዎች ጠይቁ፣ ፈረስ በማሰልጠን ያረጁ አባቶችን እንጅባራም ሰላሌም ሄዳችሁ አነጋግሩ። አዊ ውስጥ የማውቃቸው አሉ፣ ጋዜጠኛ ከላካችሁ እኔ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ላይ ነው የሚገኙት።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ፣ ከባህር ዳር