የእንግሊዝኛ ክበብ ዘገባ፦ ከ«ታንግል» ጋር የከረምንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ቃልና በዘመዶቹ ላይ ነው። ቃሉ «ታንግል» ነው። ክር ሲወሳሰብ፣ ፀጉር ሲንጨባረር፣ የስልክ ማዳመጫ ገመድ ኪስ ውስጥ ሲጠላለፍ የሚባለው።

ለምን አንድ ቃል ብቻ? ልጆቻችን ለፈተና ሲዘጋጁ ተመሳሳይ ቃላትን በዝርዝር ይሸመድዳሉ። «ታንግል» ካልካቸው «ኖት» (ቋጠሮ)፣ «ስናርል»፣ «ሜሽ»፣ «ማድል» ብለው በአንድ ትንፋሽ ይደረድሩልሃል። ዐረፍተ ነገር ሥሩ ሲባሉ ግን አንዱን በሌላው ቦታ ይከቱታል። መስከረም ላይ አንድ ተማሪ «ጫማዬን ታንግል አድርጌ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ማለት የፈለገው «አስሬ» ነው። አንባቢ የሚረዳው ግን ክሩ ተወሳስቦበት እንዳለ መሮጡን ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ዝርዝሩ ቃሉን ሰጠው እንጂ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል አልነገረውም። የዓመቱ ሥራችን ከዚህ ተነሣ።

ጥቅምት ላይ ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ ላይ ስለሚሰበስበው መጽሐፍ፣ ስለ ቴሶረስ ተነጋገርን። ይህን ዓይነት የቃላት መጽሐፍ በሰፊው ያስተዋወቀው ፒተር ማርክ ሮዤ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 ለራሱ መጠቀሚያ ማዘጋጀት ጀመረ፤ አሳትሞ ያወጣው በ1852፣ በ73 ዓመቱ ነው። ቃላቱን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ነው የመደባቸው። ፍቺ ግን አልጻፈላቸውም። መጽሐፉ ቃሉን ያውቅ ለነበረና ለጊዜው ከአፉ ለጠፋበት ጸሐፊ የተሠራ ነው። ገና የሚማር ልጅ ይህን ካላወቀ ጎረቤታሞቹን ቃላት ሁሉ እኩል አድርጎ ያያቸዋል። ይህ እያንዳንዱ መምህር ክፍል ውስጥ ደጋግሞ ሊናገረው የሚገባ ነገር ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ በክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ካርድ መለጠፍ ጀመርን። አንድ ካርድ፣ አንድ ቃል፤ ከሥሩ አብረውት የሚውሉ ቃላት፣ ከዚያም ልጁ ራሱ የሠራው ዐረፍተ ነገር። የ«ታንግል»ን ካርድ የያዘችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ የታናሽ እህቷን ፀጉር ጠዋት ጠዋት ስታበጥር ማበጠሪያው እንዴት እንደሚይዝባት ጻፈች። «ማትድ» ለሚለው ሌላ ልጅ ጭቃ የደረቀበትን የበግ ፀጉር አመጣ። ትክክል ነው፤ «ማትድ» የሚባለው ጭቃ ወይም ደም አጣብቆ ያደረቀው ፀጉር ነው። «ሜሽ» ከነዚህ ሁሉ ይለያል። እሱ በሥርዓት የተሠራ ነው፤ የመረብ ወይም የወንፊት ዓይነት። «ስናርል» ደግሞ ልጆቹን በጣም አስደሰታቸው። ውሻ ጥርሱን አሳይቶ ሲያጉረመርምም «ስናርል» ነው፣ መኪና መንገድ ላይ ተቆላልፎ ሲቆምም «ስናርል» ነው። መገናኛን በሥራ መውጫ ሰዓት የሚያውቅ ልጅ ይህን ቃል መቼም አይረሳውም።

በትንንሾቹ ቃላት ላይም ቆይተናል፤ ስሕተት የሚበዛው እዚያ ነውና። «ታንግልድ ኢን» ሲሆን በገመድ ወይም በመረብ መያዝ ነው። «ታንግል ዊዝ» ሲሆን ግን ከሰው ጋር መጋጨት ነው። «ከመረቡ ጋር ታንግል አደረግኩ» ብሎ የጻፈ ልጅ ከመረቡ ጋር ተጣላ ማለት ነው። «ኢንታንግል» ከበድ ይላል። በክስና በዕዳ ለተተበተበ ሰው፣ በዓሣ አጥማጆች ገመድ ለተያዘ ዓሣ ነባሪ የሚስማማው እሱ ነው።

የተወሳሰበን መፍታት ማለት ለሆነው ለ«አንታንግል» ካርድ አንዲት ተማሪ አያቷ የፈተሉትን ልቃቂት ይዛ መጣች። ክሩ ውሉ ጠፍቶበታል። ወንዶቹ ተቀባብለው ጎተቱት፤ ጭራሽ ባሰበት። «አያቴ አይጎተትም፣ ውሉ ነው የሚፈለገው ነው የምትለው» አለችና ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በጥፍሯ እያላላች፣ ቀስ ብላ ፈታችው። የጎተቱት ልጆች ዙሪያዋን ቆመው እያዩ ደረጃ በደረጃ በእንግሊዝኛ ጻፉት። የዓመቱ ምርጥ ጽሑፍ እሱ ነው።

የካቲት ላይ ወደ ሳይንስ ተሻገርን። እ.ኤ.አ. በ2007 ዶሪያን ሬይመርና ዳግላስ ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ፣ ክር ሣጥን ውስጥ ከትተው እያሽከረከሩ በራሱ ይቋጠር እንደሆነ ፈትነዋል። 3,415 ጊዜ ነው የደጋገሙት። ክሩ ረዘም ያለና የሚተጣጠፍ ከሆነ ቋጠሮ በሴኮንዶች ውስጥ ይፈጠራል፤ በጣም አጭር ከሆነ ግን አይቋጠርም ማለት ይቻላል። እኛም በጫማ ካርቶንና በሲባጎ ሞከርነው። አጭሩ ሲባጎ እንደገባ ወጣ። ረጅሙ ተቋጥሮ ወጣ።

ክርክሩ የተነሣው ያኔ ነው። የ«ኖት» ካርዳችን «ሰው አስቦ የሚቋጥረው» ይል ነበር። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ሲባጎውን ከፍ አድርጎ «ቲቸር፣ ይሄን ማን ቋጠረው?» አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ የእረፍት ደወል ተደውሎም የወጣ የለም። በመጨረሻ ካርዱን ቀየሩት። «ኖት» ጣትህን የምታሳርፍበት አንድ ቦታ ነው፣ አስበህም ቋጠርከው በራሱ ተቋጠረ። «ታንግል» ግን መላው ውስብስብ ነው፤ ሲፈታ ውስጡ አንድም ቋጠሮ ላይገኝ ይችላል። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም። ራሳቸው ናቸው የደረሱበት፤ በዚህ በጣም ኮርቻለሁ።

የባዮሎጂ መምህራችን አንድ ከሰዓት ተጋብዘው፣ አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 በአንዲት ሟች አንጎል ውስጥ ስላያቸው የተጠላለፉ ክር መሰል ነገሮች ነገሩን። ዛሬ በሕክምና እንግሊዝኛ መጠሪያቸው «ታንግልስ» ነው። ከተማሪዎቹ የአንዱ አያት በሐኪሙ ስም በተሰየመው በአልዛይመር በሽታ ስለሚሠቃዩ ጥያቄው በዛ፤ መምህሩም ሳይቸኩሉ መለሱ። ፊዚክስ ውስጥ ያለውን «ኢንታንግልመንት» በአጭሩ ነው ያለፍነው። ስያሜውን የፊዚክስ ሊቁ ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1935 እንደሰጠው፣ የ2022 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትም በዚሁ ላይ ለሠሩ ሦስት ሳይንቲስቶች እንደተሰጠ አይተናል። እዚያ የሚጠላለፍ ክር የለም። የአንዷን ቅንጣት ሁኔታ ከሌላዋ ነጥሎ መግለጽ አለመቻሉ ነው።

ግንቦት ላይ ካርዶቹ በሚኒ ሚዲያ ተነበቡ። አሁን በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ግድግዳ ላይ ይገኛሉ፤ ክረምት ላይ ለማጠናከሪያ ትምህርት የምትመጡ ተማሪዎች ልታነቧቸው ትችላላችሁ። ለመጪው ዓመት አባላቱ በድምፅ የመረጡት ቃል «ብሬክ» ነው። ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀመራል። እንግሊዝኛው ደካማ የሆነ ልጅም ይምጣ፤ የሲባጎውን ጥያቄ የጠየቀው ልጅ ክበቡን ሲቀላቀል በእንግሊዝኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር ያፍር ነበር።