የቅዳሜው ውይይት፦ አርባ ልጆች

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የቅዳሜው ርእሳችን የባህሎች ትብብር ነው። በጥቅሉ ካወራን ከወሬ ስለማያልፍ ከአንድ ታሪክ ብንነሣ ይሻላል፤ እኔ የመረጥኩት የአርባ ልጆችን ነው።

ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የሚያድጉ፣ ከአርመናውያን እልቂት የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የብሔራዊ መዝሙሩን ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። አንዱ ከስደት፣ ሌላው ከቅኔ ቤት! ያ መዝሙር እስከ አብዮቱ ዘመን ተዘምሯል። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (በዛሬው ብሔራዊ) የአገራችንን ዜማዎች ለምዕራባውያን መሣሪያዎች አቀናብረዋል።

ነገሩ የሰመረው ሁለቱም ወገን የየራሱን ሙያ ይዞ ስለቀረበ ይመስለኛል። አንዱ ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል የሚዘልቅ አይመስለኝም። የማይስማማ ካለ ቅዳሜ ይሞግተኝ።

የድሮ ሸክላ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ማጫወቻ አለን። ቡናው 9 ሰዓት ላይ ይፈላል፣ ያረፈደ በረካ ነው የሚደርሰው።