በበዓል ገጻችሁ ላይ ስለወጣው የባሕር ዳርቻ ፎቶ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። የዘወትር አንባቢያችሁ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ያወጣችሁትን ገጽ ሳገላብጥ አንድ ፎቶ ላይ ዓይኔ ቀረ። እናት፣ አባትና ሁለት ልጆች ድንጋይ ላይ ተደርድረው ይስቃሉ። ከኋላቸው ማዕበል ተነስቷል። አራቱም ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተዋል። ጋዜጣውን አጥፌ ብዙ ቆየሁ። አምና እኛም ልክ እንደዚያ ቆመን ነበር።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ስንት ዓመት ተበታትነን ከኖርን በኋላ እማዬ «በሕይወት እያለሁ አንድ ላይ ሆናችሁ ልያችሁ» ብላ ሁላችንንም እሱ ቤት ሰበሰበችን። በዋዜማው ማታ ነፋሱ መጣ። መብራት ጠፋ። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግተን፣ ብርድ ልብስ ተጋርተን፣ ዓመቱ ሲለወጥ በአንድ የእጅ ባትሪ ብርሃን ተሳሳምን። ማዕበል ከዐለት ጋር ሲጋጭ በጆሮ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ወለል ላይ የተኛ ሰው በጎኑ ይሰማዋል። ከልጅነታችን ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጠዋት ነፋሱ በረድ አለ፣ ሰማዩም ጠራ። ነፋስ ሲቆም ማዕበሉ አብሮ የሚቆም መስሎን ነበር። አይቆምም። ዐውሎ ነፋስ መሀል ባሕር ላይ የቀሰቀሰው ሞገድ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ፀሐይ ወጥቶ እያለ ዳር ይደርሳል። ጋሼ ጣራው የተገነጠለበትን ጎረቤት ሊረዳ ሄዶ ነበር። እሱ ቢኖር አያስወርደንም። እኔ፣ ታናሽ እህቴና የ9 ዓመቱ የጋሼ ልጅ ፎቶ ልንነሳ ወረድን።

መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ያህል ቆመን አየን። ሞገዱ እኛ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። አሸዋው ላይ የቀረውን አረፋ ነፋሱ እየቆራረሰ ይወስደዋል። «ይኸው፣ እዚህ አይደርስም» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ቆሙ። ፊቴ ወደ ባሕሩ የነበረው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የማየው የስልኬን ስክሪን ነው።

ስክሪኑ ላይ ከልጁ ትከሻ በላይ ነጭ መስመር ታየኝ። ቀና ስል ውሃው ወገቡ ላይ ደርሷል። ወደቀ። ከሚመጣው ውሃ የሚመለሰው ይብሳል፤ አሸዋውን ከእግር ሥር ጠርጎ ይወስደዋል። እህቴ የጃኬቱን ቆብ ጨምድዳ ያዘች። ጥፍሯ መነቀሉን ያወቀችው ቤት ከገባን በኋላ ነው። ልጁ ለመጮህ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ ግን የለም። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካን ሰውነታችን ሳናዘው አየር ይስባል። ያን ጊዜ አፍ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚገባው ውሃ ነው።

ጋሼ ሲመለስ አልተቆጣም። ልጁን አቅፎ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ ነው ያስረዳን። ሞገድ እኩል እኩል አይመጣም። 10 ወይም 20 ደቂቃ ትንንሹ ይመጣና ድንገት ትልቁ ይከተላል። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ስለዚህ እየገፋ የመጣ ውሃ ጉልበት ላይ ብቻ ቢደርስም ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል።

የአዲስ ዓመት ቀን ራሱ በባሕር ሰዎች ዘንድ የሚታወስበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 በሰሜን ባሕር፣ ድራውፕነር በተባለው፣ ባሕሩ ላይ በተተከለ የኖርዌይ የጋዝ መድረክ ላይ የነበረ የሌዘር መለኪያ 25.6 ሜትር የሚደርስ አንድ ሞገድ መዘገበ። በዚያ ሰዓት የትላልቆቹ ሞገዶች አማካይ 12 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት መርከበኞች እንዲህ ያለ ሞገድ አየን ሲሉ ብዙ ሰው ተረት ያደርገው ነበር። ያ መሀል ባሕር ላይ ነው፤ እኛን የመታን የልጅ ወገብ የሚያህል ነው። ግን ከፊት የመጣውን አይቶ የሚከተለውን መገመት እንደማይቻል ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አያሻኝም።

ፎቶውን ለምን አወጣችሁ አልልም። ቤተሰብ ተሰብስቦ ማየት ደስ ይላል። ግን ከአንባቢዎቻችሁ ብዙዎቻችን ባሕር አጠገብ አላደግንም፤ ፎቶ ስናይ እንደዚያው እንቆማለን። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ጥቂት መስመር ጨምሩ። ከመውረድ በፊት የሜትሮሎጂ ማስጠንቀቂያ ይታይ። ከፍ ካለ ቦታ ቢያንስ 20 ደቂቃ ባሕሩን መመልከት ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን ዋስትና አይደለም፣ ስለዚህ ጀርባ አይሰጥም። የልጅ እጅ አይለቀቅ። ውሃ የወሰደው ሰው ወዲያው ለመዋኘት ከመታገል፣ ትንፋሹ እስኪመለስ በጀርባው ይንሳፈፍ። ዳር ያለው ደግሞ ተከትሎ አይዝለል፤ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውርለትና የነፍስ አድን ሠራተኞችን ይጥራ።

ያነሳሁት ፎቶ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። ልጁ እየሳቀ ነው፣ ነጩ መስመር ከትከሻው በላይ ነው። የልጁን ፊት ሸፍናችሁ፣ ካወጣችሁት ፎቶ ጎን ብታትሙት ወንድሜና ሚስቱ ፈቅደዋል። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የልጁ አክስት