የአርፒኤስ6 አንቲቦዲ ደሴ ላይ በቲሹ ስላይድ ለምን ይደበዝዛል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የራይቦሶም (የሴል ፕሮቲን መሥሪያ) አካል የሆነውን ፕሮቲን ኤስ6ን (አርፒኤስ6) የሚለየውን የጥንቸል አንቲቦዲ ከወሰዱ ላቦራቶሪዎች አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ደርሶናል። በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በመጠናቸው ለይቶ በአንቲቦዲ በሚያሳይ ዘዴ) ጥርት ያለ መስመር የሰጠው አንቲቦዲ፣ ፓራፊን ውስጥ በተያዘ ቲሹ ላይ ሲሞከር ለምን ይደበዝዛል? ይህ ደብዳቤ በዋናነት ለዚህ መልስ ነው።

አንቲቦዲውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ስላይዱን የምታፈሉበትን ባፈር (ፒኤች የሚያረጋጋ ፈሳሽ) በቴርሞሜትር ለኩት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ስለምትጠጋ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ 94 ይደርሳል። ባቄላ ደሴ ላይ ዘግይቶ እንደሚበስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስላይዱንም የሚያዘገየው ይኸው ነው። በየመመሪያው «በሲትሬት ባፈር 20 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈው ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ታስቦ ነው።

ኤስ6 ብቻውን የሚቆም ፕሮቲን አይደለም። በትንሹ የራይቦሶም ክፍል፣ በ40ኤስ ውስጥ፣ ከ18ኤስ አርኤንኤና ከሌሎች 32 ፕሮቲኖች ጋር ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ፎርማሊን እነዚህን ጎረቤታሞች እርስ በርስ ይቆላልፋቸዋል፤ አንቲቦዲው የሚይዘውም ቦታ ይሸፈናል። ቁልፉን የሚፈታው ሙቀት ነው፤ ጥቂት ዲግሪ ሲጎድል ልዩነቱ ስላይዱ ላይ ይታያል። በዌስተርን ብሎት ግን ኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ኬሚካል) ፕሮቲኑን አስቀድሞ ስለሚዘረጋው ይህ ችግር የለም።

ስለዚህ ፕሬዠር ኩከር ተጠቀሙ። 10 ሚሊሞላር ሲትሬት ባፈር፣ ፒኤች 6.0፣ አስቀድማችሁ አፍሉ፤ ስላይዶቹን አስገብታችሁ ክደኑ፤ ግፊቱ ሙሉ ከሆነበት ቅጽበት ጀምሮ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቁጠሩ። ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ክዳኑን አትንኩ። ከዚያ ስላይዶቹ እዚያው ባፈር ውስጥ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዙ፤ ለአፍታም እንዳይደርቁ። ፕሬዠር ኩከር ከሌላችሁ በ92 ዲግሪ 40 ደቂቃ አቆዩ፤ የሚተነው ውኃ ብቻ ስለሆነ የጎደለውን በሙቅ የተጣራ ውኃ ሙሉ። አሁንም ደካማ ከሆነ ትሪስ ኢዲቲኤ የተባለውን ባፈር በፒኤች 9.0 ሞክሩ። ቲሹው ከመስታወቱ የሚላቀቅባችሁ ከሆነ ሙቀቱን አትቀንሱ፤ በፖሊላይሲን የተቀባ ስላይድ ተጠቀሙ። ቲሹው በፎርማሊን ውስጥ ከ24 ሰዓት እጅግ አልፎ ከቆየ ቁልፉ እየጠነከረ እንደሚሄድም አስቡ።

ለማነጻጸሪያ የጣፊያ ሳይሆን የቆሽት ቲሹ አስገቡ። ኢንዛይም የሚያመርቱት የቆሽት ሴሎች በራይቦሶም የተሞሉ ስለሆኑ ሳይቶፕላዝማቸው በደንብ መቀለም አለበት። ራይቦሶም የሚገጣጠመው ኒውክሊዮለስ ውስጥ በመሆኑ እዚያም ቀለም ብታዩ ስህተት አይደለም።

ዌስተርን ብሎት ለምትሠሩ፦ 12 በመቶ ጄል፣ በየጉድጓዱ 20 ማይክሮግራም ፕሮቲን፣ አንቲቦዲው 1 ለ1,000፣ ማለትም 10 ማይክሮሊትር በ10 ሚሊሊትር። ባለ 249 አሚኖ አሲድ ስለሆነ በስሌት 29 ኪሎዳልተን ገደማ ቢሆንም ጄሉ ላይ 32 አካባቢ ይቆማል። ጋፒዲኤች (የተለመደው ማመሳከሪያ ፕሮቲን) 37 አጠገብ ስለሚወጣ ለመጠን ማመሳከሪያ ቱቡሊን ወይም ቪንኩሊን ይሻላል። የማሞቂያ ብሎካችሁን 95 ላይ ካደረጋችሁት ደሴ ላይ ናሙናው ቱቦው ውስጥ ፈልቶ ክዳን ይከፍታል፤ 70 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ይበቃል።

ፎስፎ ኤስ6ን (ሴሪን 235/236 ላይ ፎስፌት የተያያዘበትን ኤስ6) የሚለየው ሌላው አንቲቦዲ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የወተት ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ስለሆነ አንቲቦዲውን በወተት ሳይሆን በ5 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ደም አልቡሚን) በጥብጡ። ሴሎቹን ስታፈርሱ ፎስፌት የሚነቅሉ ኢንዛይሞችን (ፎስፋቴዞችን) የሚያግዱት ሶዲየም ፍሎራይድና ቤታ ግሊሴሮፎስፌት ይኑሩ፤ ቫናዴት በዋናነት የሚያግደው የታይሮሲን ፎስፋቴዞችን ስለሆነ ብቻውን ሴሪንን አያድንም። ኤምቶርን (የሴል ዕድገትን የሚመራ ኢንዛይም) በሚያግደው በራፓማይሲን የታከመ ሴል ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ ጠቅላላው ኤስ6 ሳይነካ ፎስፎው ይወርዳል። ሆኖም 235/236ን አርኤስኬ የተባለው ኢንዛይምም ስለሚነካው ትንሽ ቅሪት ልታዩ ትችላላችሁ። የኤምቶርን መንገድ ብቻ ለምትከታተሉ ሴሪን 240/244ን የሚለይ አንቲቦዲ ይመረጣል።

ስለ አቀማመጥ፦ አንቲቦዲው 50 በመቶ ግሊሴሮል ስላለው ማይነስ 20 ላይ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል፤ መብራት ለሰዓታት ቢጠፋ አይጎዳም። ማይነስ 80 ውስጥ ግን አትክተቱት፤ እየረጋ መሟሟቱ ነው የሚጎዳው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሲደርሳችሁ የበረዶው ከረጢት ቀልጦ ቢሆን እንኳ ጠርሙሱ ቀዝቃዛ ከሆነ ተጠቀሙበት። ከመክፈታችሁ በፊት በሴንትሪፉጅ ለጥቂት ሰከንድ አሽከርክሩት፤ ክዳኑ ላይ የሚቀረው ጠብታ ውድ ነው። ተበጥብጦ የተረፈ አንቲቦዲ እንዳይሻግት ሶዲየም አዛይድ የምትጨምሩ ካላችሁ፣ ኤችአርፒ (ምልክቱን የሚሰጠው ኢንዛይም) ባለበት ሰከንደሪ (ሁለተኛው) አንቲቦዲ ላይ ፈጽሞ አታድርጉ፤ ኢንዛይሙን ያከስመዋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ቀለሙ ካልመጣ የስላይዱንና የቆሽቱን ፎቶ፣ የሎት (የምርት ዙር) ቁጥሩን፣ ባፈሩ ውስጥ በቴርሞሜትር የለካችሁትን ሙቀትና የቆየበትን ደቂቃ ላኩልን። ከዚያው ሎት የያዝነውን አንቲቦዲ በዚያው አሠራር ሞክረን ውጤቱን እናሳውቃችኋለን፤ ጉድለቱ የአንቲቦዲው ከሆነ እንተካለን።

ከአክብሮት ጋር
የቴክኒክ ክፍል፣ ደሴ