አርሊንግተን ካውንቲ እንጂ ከተማ አይደለችም

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፤

ስለ ቨርጂኒያዋ አርሊንግተን ያወጣችሁት ጽሑፍ «ከተማ» እያለ ይጠራታል። አርሊንግተን ካውንቲ፣ ማለትም በቨርጂኒያ ግዛት ሥር ያለች የአስተዳደር ክልል ናት፤ የራሱ ማዘጋጃ ቤት ያለው ከተማ በውስጧ አንድም የለም። የሚያስተዳድራትም አምስት አባላት ያሉት የካውንቲ ቦርድ ነው።

መሬቱ እ.ኤ.አ. በ1791 ለፌዴራሉ ዋና ከተማ ለዋሽንግተን ከተከለለው አካባቢ፣ ከፖቶማክ ወንዝ በስተ ምዕራብ ያለው ክፍል ነበር፤ በ1847 ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰ። እስከ 1920 ስሙ አሌክሳንድሪያ ካውንቲ ነበር፤ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ግን በ1870 ከካውንቲው ተለይታለች። የድሮ ቆጠራ የሚመረምር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ1910ን ቁጥር በአርሊንግተን ስም ቢፈልግ አያገኝም፤ የ1860ን ከወሰደ ደግሞ የከተማዋን ሕዝብ አብሮ ይቆጥራል።

በ1940 57,040 የነበረው ነዋሪ በ1950 135,449 ደረሰ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ዋና ሕንፃ ፔንታጎን የተሠራው እዚያው ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ጎርፎበታል። ጽሑፋችሁ ይህን መዝለሉ ያሳዝናል። በ2020 ቆጠራ 238,643 ሰው በ67 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይኖር ነበር።

በዚያ አካባቢ ቤት ለሚፈልጉ ወገኖቻችን አንድ ነገር ቢታከል ጥሩ ነው። የፖስታ አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ቤት የሚገኘው በፌርፋክስ ካውንቲ ነው። የመኪና ግብርና የልጆች ትምህርት ቤት የሚወሰኑት ቤቱ ባለበት አስተዳደር እንጂ በፖስታው ስም አይደለም። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት አድራሻውን ቤቱ ይገኝበታል በተባለው ካውንቲ የንብረት መዝገብ ላይ መፈለግ ይገባል፤ እዚያ ከሌለ ቤቱ የሌላ አስተዳደር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ