ከተረከዟ ደም ጀምሮ ላገዛችሁን ሁሉ

ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለ በዘር የሚወረስ ሕመም ይዛ የተወለደችው ልጃችን ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባች። ፊደል ለይታለች፤ በደሟ ውስጥ ያለው የፌኒልአላኒን (የፕሮቲን አንዱ ክፍል የሆነ አሚኖ አሲድ) መጠንም ሐኪሞቿ እንደሚፈልጉት በሊትር ከ120 እስከ 360 ማይክሮሞል ባለው ወሰን ውስጥ ነው። እዚህ ያደረሳችኋት እናንተ ናችሁና ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርስ።

በመጀመሪያ ለእርስዎ፣ ሲስተር። በተወለደች ማግስት ተረከዟን ወግተው ጥቂት የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ወሰዱ። ልጅቷ በደንብ ትጠባ ስለነበር ማንም አንዳች አልጠረጠረም። ፌኒልኬቶኑሪያ ሲወለዱ አይታይም። ፌኒልአላኒንን የሚለውጠው ኢንዛይም ስለማይሠራ ፌኒልአላኒኑ በደም ይከማቻል፤ እያደርም አንጎልን ይጎዳል። ምልክቱ እስኪታይ ቢጠበቅ ኖሮ የደረሰው ጉዳት አይመለስም ነበር።

ዶክተር፣ ውጤቱን ሲነግሩኝ ከሁሉ አስቀድሜ የጠየቅሁዎት ጡት ላስጥላት እንደሆነ ነበር። የእናት ወተት ከተለመደው የዱቄት ወተት ያነሰ ፌኒልአላኒን እንዳለው፣ ፌኒልአላኒን ከሌለበት ልዩ ወተት ጋር እየተመጠነ መቀጠል እንደሚቻል አስረዱኝ። ዘመድ ጥፋተኛ ሲፈልግም፣ ሁለታችንም ጤነኞች ሆነን የሕመሙን ዘረ መል እንደምንይዝ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ እንደሆነ በትዕግሥት ነገሯቸው። ያን ቀን ትዳሬን ጭምር አክመዋል።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ እህቴ፣ የአንቺን ውለታ በምን እከፍላለሁ? ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብና ጥራጥሬ የተከለከለች ልጅ እንዴት ታድጋለች ብዬ ሳለቅስ ሚዛን አምጥተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። አንድ ግራም ፕሮቲን 50 ሚሊግራም ያህል ፌኒልአላኒን እንደሚይዝ አስተማርሽኝ። የቀኑን ድርሻዋን ከአትክልቱ እየመዘንሁ እንድሰጣት፣ የቀረውን ፕሮቲን ታይሮሲን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ከተጨመረበት ልዩ መጠጥ እንድታገኝ አደረግሽ። ትኩሳት ሲይዛት ሰውነቷ የራሱን ጡንቻ ስለሚያፈርስ የምግብ ፍላጎቷ ቢጠፋም በደሟ ያለው ፌኒልአላኒን ከፍ እንደሚል ያወቅሁት ካንቺ ነው። በእኩለ ሌሊት ስደውል አንድም ቀን አልሰለቸሽም። መድኃኒት ሲነሳ ብዙ ሰው ስለ ክኒን ያወራል፤ ለእኔ ግን የልጄ መድኃኒት ያ ሚዛን ነው።

ክኒኑንም ሞክረናል። ሳፕሮፕተሪን የተባለው ይህ ክኒን የሚረዳው የተወሰኑትን ሕሙማን ብቻ ነው፤ ለእኛ አልሠራም። አስቀድማችሁ ይህን በግልጽ ስለነገራችሁን ተስፋ አልቆረጥንም።

መምህራኖቿ፣ አስፓርቴም የተባለ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ያለበት መጠጥ ለእርሷ ፌኒልአላኒን እንደሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ነገርኳችሁ፤ በቃችሁ።

የማላውቃቸውን ሁለት እናቶችም ላመስግን። ቦርግኒ ኤገላንድ በኖርዌይ የሁለት ልጆቿን ሕመም ምክንያት ሳትሰለች ስትፈልግ ኖራ፣ በ1934 ሐኪሙ አስቢዮርን ፎሊንግ ምንነቱን ደረሰበት። ለልጆቿ ግን መዳኛ አልተገኘም። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ደግሞ ይኸው ሕመም የነበረባት የትንሿ ሺላ እናት ሐኪሙን ሆርስት ቢከልን በየጊዜው እየወተወተች ዛሬ ልጄን ያቆማት የአመጋገብ ሕክምና እንዲሞከር አደረገች፤ በ1953 ውጤቱ ታተመ። ሮበርት ጉትሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተረከዙን ምርመራ ባያመጣ ደግሞ ሕክምናው በጊዜ ባልደረሰን ነበር።

ሕክምናው ዕድሜ ልክ ነው። አድጋ መውለድ ብትሻ ከመፀነሷ በፊት ጀምሮ በደሟ ያለው የፌኒልአላኒን መጠን በጥብቅ ሊጠበቅ ይገባል፤ ያለዚያ ጽንሱ ይጎዳል። የስድስት ዓመት ልጅ ይዤ ስመጣ ስለዚያ ቀን፣ ወደ አዋቂዎች ክሊኒክ ስለምትሻገርበትም ጊዜ ከወዲሁ ላሰባችሁልኝ ለእናንተ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።