ጠፋሁብህ አይደል?

ወንድሜ፣ ሰላም ነህ? እማማስ፣ ልጆቹስ? ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ አሁን ብቅ ስል ያሳፍራል። ሰበብ አልደረድርም።

«ግን ምንድን ነው የምትሠራው?» ብለኸኝ ሳልመልስልህ ነበር የጠፋሁት። እዚህ ሲያትል ውጭ የሚያድሩ ሰዎችን እየዞርኩ እመዘግባለሁ። ቤቱ ጥቂት፣ ጠባቂው ብዙ ነው። ማን ይቅደም የሚለው በነጥብ ይወሰናል። ስጀምር የምንሞላው ቅጽ ቪአይ-ስፒዳት ይባላል። ላጤ ሰው ከ17 ይመዘናል። 8ና ከዚያ በላይ ካገኘ ክትትል ላለው ቋሚ ቤት ይታጫል። ከ4 እስከ 7 ለጥቂት ጊዜ የኪራይ ድጎማ ነው። 3ና ከዚያ በታች ከሆነ ራስህን ቻል ነው።

ነጥብ የሚገኘው ታዲያ ጉድህን ስታወራ ነው። ባለፉት 6 ወራት ስንቴ ድንገተኛ ክፍል ገባህ? ተደብድበህ ታውቃለህ? ለገንዘብ ብለህ ገላህን ትሸጣለህ? መርፌ ትጋራለህ? እስቲ ይህን የሐበሻ ሽማግሌ ጠይቅ!

አንድ አባት አጋጠሙኝ። የሚያድሩት መኪናቸው ውስጥ ነው፣ እግራቸው አብጧል። «ጤናዎስ?» ስላቸው፣ «ተመስገን»። «የሚያስቸግርዎ አለ?» «ኧረ ማንም፣ ልጄ»። የመርፌዋን ጥያቄ አቀርቅሬ አነበብኳት። ትንሽ ዝም ብለው፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። 2 አገኙ። ስሄድ «ቡና እንኳ ሳላጠጣህ» ብለው ተጨነቁ።

በፈረንጆቹ 2019 ከኦሪገን፣ ከቨርጂኒያና ከዚሁ ከዋሽንግተን ግዛት በተሰበሰበ መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት፣ ነጮች በዚህ ቅጽ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነጥብ እንደሚያገኙ አሳየ። እኔን አልገረመኝም። በ2020 መጨረሻ የቅጹ ባለቤቶች ራሳቸው ቀስ በቀስ እንደሚያስቀሩት አስታወቁ። ፒትስበርግ አካባቢ አሁን ኮምፒዩተር ነው፣ ነጥቡን መንግሥት እጅ ካለው መዝገብ የሚያሰላው። ሐኪም ቤት የማይረግጡት የኔ ሰውዬ መዝገቡ ላይ ምን ይገኝላቸዋል? ዘመድ ሳሎን ወለል ላይ የሚተኛውማ በፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ትርጉም ቤት አልባ ተብሎ እንኳ አይቆጠርም። የኛ ሰው ግማሹ እንደዚያ ነው የሚኖረው!

በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ኮንዶሚኒየም ስትመዘገብ «ቤት በዕጣ?» ብዬ የሳቅኩብህ ትዝ ይልሃል? ሳቄን መልስልኝ። ዕጣ ቢያንስ ገመናህን አይጠይቅህም። ለመሆኑ ወጣልህ ወይስ አሁንም እየቆጠብክ ነው?

እኒያን አባት በሳምንቱ ቡና በፔርሙዝ ይዤ ሄድኩባቸው። ቅጹን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ሲጫወቱ ሲጫወቱ፣ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ስተው አምቡላንስ እንዳነሳቸው፣ አንድ ሌሊት መስኮታቸውን ሰብረው እንደደበደቧቸው እንደ ቀልድ ነገሩኝ። ቢሮ ገብቼ ሞላሁት፣ 8 ሆነ። ወረፋው ዓመት ሊሞላ ሲል ቤት ገቡ። አሁን በየበዓሉ ይጠሩኛል። የጻፍኩትን ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ጻፍልኝ።

ያው የጠፋው ጓደኛህ